ወንበር የሌለው መደብር

አንድ ባለመደብር ነበረ። ሀብታም ነው። ሱቁ አንድ አይደለም፤ በየከተማው፣ ሰው በሚበዛበት አደባባይ ሁሉ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት መደብር አለው።

ቆይ፣ ግንባርህን አትቋጥርብኝ። ጥያቄህን ዘልዬው አይደለም። «እትዬ፣ ሥራ ሰጥተናቸዋል፣ ደመወዛቸው ቀኑን ሳያዛንፍ ይገባል። ታዲያ ለምንድን ነው የማያመሰግኑን? ስገባ እንኳ ፊታቸው አይፈታም» ነው ያልከኝ። ሰምቼሃለሁ፤ ዕድሜዬ ቢገፋም ጆሮዬ ደህና ነው። ፊደል ካስቆጠርኳቸው ልጆች አንዱ ዛሬ የትልቅ ሱፐርማርኬት ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኖ፣ ምክር ፍለጋ ቤቴ ድረስ መምጣቱ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን መልሱን ፊት ለፊት ብነግርህ ታኮርፋለህ። ልጅ ሆነህም እንደዚያው ነበርክ። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ልንገርህ፤ አንተ ሻይህን እየጠጣህ ስማኝ።

ይህ ባለመደብር ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ያዝልኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ባልነገርኩህ፤ ክፉ ሰው ለምን እንዳልተመሰገነ ለማወቅ አስተማሪ ዘንድ መሄድ አያስፈልገውም። ይህ ሰው ሠራተኛ አይሰድብም፣ ደመወዝ አያቆይም፣ በዓል ሲመጣ ለእያንዳንዱ ዶሮና ዘይት ይሰጣል። ውለታ የማይረሳ ሰው ነበረ።

ውለታ ምን እንደሆነ ያስተማረው የራሱ ኑሮ ነው። እናት አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት አንድ ገበሬ አሳደገው። ገበሬው ዘመዱ አልነበረም። የራሱ ልጆች ነበሩት፣ መሬቱም ጠባብ ነበረች። እንዲያም ሆኖ ከልጆቹ ሳይለየው አብልቶ አጠጥቶ፣ ትምህርት ቤት ልኮ ለወግ ለማዕረግ አበቃው። ባለመደብሩ ከበለጸገ በኋላ ለገበሬው ቤት አሠራለት፣ በሬ ገዛለት፤ በየዓመቱ እየሄደም ጉልበቱን ይስም ነበር። «እኔ ዛሬ ሰው የሆንኩት በእርስዎ ነው» ሳይል ተመልሶ አያውቅም።

በዚያ ገበሬ ቤት አንድ ሥርዓት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ልጆች አይቀመጡም። ያስታጥባሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ፣ ትልልቆቹ በልተው እስኪጠግቡ ድረስ ዳር ይዘው ይቆማሉ። ትልልቆቹ ከጠገቡ በኋላ ደግሞ ገበሬው ወደ ልጆቹ ዞሮ «በሉ፣ እናንተም አረፍ በሉ» ይላል፤ ልጆቹም ተሰብስበው ይቀመጡና ይበላሉ። ልጁ ይህን ሁሉ እያየ አደገ። ከተማ ገብቶ ነጋዴ ሲሆን ግን የሥርዓቱን ግማሽ ብቻ ይዞ መጣ። መቆም ማክበር መሆኑን ያዘ። «አረፍ በሉ» የምትለዋን መንገድ ላይ ጣላት።

መደብሮቹ እየበዙ በሄዱ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከቅርንጫፎቹ ወደ አንዱ ጎራ ሲል አንዲት ሒሳብ ተቀባይ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአንድ አዛውንት ዕቃ ሒሳብ ስትሠራ አየ። አዛውንቱ ቆመዋል፣ ልጅቱ ተቀምጣለች። ደሙ ፈላ። እሱ እንዲያ ተደርጎ አላደገማ! በማግስቱ ትእዛዝ ወጣ። ደንበኛ ክቡር እንግዳ ስለሆነ በደንበኛ ፊት መቀመጥ ቀረ። በየቅርንጫፉ ያሉት ወንበሮች ተለቅመው በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ። ተቀምጦ የተገኘ ሠራተኛ ከሥራ እንደሚሰናበትም በየመጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። ሰውየው ይህን ሲያደርግ ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ጨዋነት ያስተማራቸው ነበር የመሰለው።

ከዚያ ወዲያ ሠራተኞቹ መደብሩ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ሰዓት ቆመው መዋል ጀመሩ። ጠዋት ላይ ምንም አይደል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን አንዷ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ቀዝቃዛው ንጣፍ ላይ ታሳርፋለች፤ ሌላው መደርደሪያ ይደገፋል፣ ተቆጣጣሪው ሲያልፍ ቀጥ ይላል። ወደ መዝጊያው ሰዓት ደንበኛ «ስኳር የት ነው?» ሲላቸው በአገጫቸው ያመለክታሉ። ክፋት ይዟቸው አይደለም፣ መራመድ ስላቃታቸው ነው። ሰው ግን የሚያየው ፊታቸውን ነው። «መደብሩ ያምራል፤ ልጆቹ ግን ምነው ኮስታራ ሆኑ?» እያለ ይወጣል። ይህ ወሬ ለባለመደብሩ ደረሰው፣ ከፋውም። «ምን ጎደለባቸው?» አለ። ቅድም አንተ እንዳልከው ማለት ነው።

ከቅርንጫፎቹ በአንዱ ጥራጥሬ የምትመዝን አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጆቿን የምታሳድገውም፣ የቤት ኪራይ የምትከፍለውም በዚያችው ሥራ ነው። ሥራውን ከማግኘቷ በፊት በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥብ ነበር፤ ዛሬ ተጠርታ ነገ ላትጠራ ትችላለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የመደብሩ በር ላይ ስትደርስ አማትባ «ተመስገን፣ ለዚህ አበቃኸኝ» ትላለች። አየህ፣ ማመስገኑንስ ታመሰግን ነበር። ከባለመደብሩ ጆሮ አይደርስም እንጂ።

ይህች ሴት እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት በደህና የገባላት ጫማ ማታ አልወልቅ ይላታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ብታሳይ ነርሷ «እየተቀመጥሽ ሥሪ፣ አለበለዚያ ይብስብሻል» አለቻት። ነርሷ ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው። ሴቲቱ ግን ይህን ለማን ትንገር? ለተቆጣጣሪው ብትነግረው መቆም የሚችል ሌላ ሰው ይተካባታል ብላ ፈራች። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፣ የልጆቹም ትምህርት ይቀራል። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

እሷ ዝም ብትልም ጓደኞቿ አይተዋል። ለስላሳ የሚደረድረው ሰውዬ አንድ ባዶ የለስላሳ ሳጥን አምጥቶ ከባቄላና ከምስር ጆንያዎቹ ጀርባ ደፍቶ አስቀመጠላት፤ አንዲት ሴት ደግሞ ጆንያ አጥፋ ደለደለችበት። ደንበኛ በሌለ ጊዜ እዚያ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ ታርፋለች። ጆንያዎቹ ስለሚከልሏት ከፊት ለፊት ማንም አያያትም። በሩ አጠገብ የምትሠራው ሒሳብ ተቀባይ ተቆጣጣሪው ብቅ ሲል ትስላለች፣ ሴቲቱ ትነሳለች። ሳሏ ከመብዛቱ የተነሳ ደንበኞች አዝነው ዝንጅብል በማር እንድትጠጣ ይመክሯት ነበር። እኔ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሳስብ አንጀቴ ይርሳል። ቆመው የሚውሉት እነሱም ናቸው፤ ያቺን ሳጥን ግን አንዳቸውም ለራሳቸው አልተመኟትም።

ተቆጣጣሪው ጠረጠረ። አንድ ሰው እየተቀመጠ እንደሆነ ከሆነ ቦታ ሰምቷል። ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ማንም ይሁን ማን፣ ያገኘሁት ቀን፣ ያን ዕለት ይሰናበታል» ብሎ አስጠነቀቀ። ሴቲቱም ፈርታ ሳጥኗን ለጥቂት ቀን ተወቻት። እግሯ ግን አላስችል ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችባት።

በዚህ መሐል ያ ገበሬ ዓይኑን ሊታከም ወደ ከተማ መጣ። አርጅቷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ባለመደብሩ ያሳደገውን ሰው ቤቱ ሲያይ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ራሱ መኪና እየነዳ ሐኪም ቤት ወሰደው፣ ራሱ ወረፋ ያዘለት። ከዚያ ሲወጡም «ዛሬ መደብሬን ሳላሳይዎት አይሄዱም፤ የእርስዎ እጅ ሥራ ነው» አለው። ሽማግሌው «እኔ ስለ ሱቅ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው?» እያለ ሳቀ። ቢስቅም ልቡ ወዷል። ምሳ ሰዓት አልፎ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ያቺ ሴት ወደምትሠራበት ቅርንጫፍ ሄዱ።

የመስታወቱ በር ማንም ሳይነካው ለሁለት ተከፈተ። ሽማግሌው «ማነው የከፈተው?» ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ ፈለገ። ባለመደብሩ እየሳቀ ገባ። ሽማግሌው ግን አልተከተለውም። ደፉ ላይ እንደደረሰ ምርኩዙን ተደግፎ ወደ ውስጥ እያየ ቆመ። በሩ ሊዘጋ ይመጣና እሱ ዘንድ ሲደርስ ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይመለሳል።

«ይግቡ እንጂ፣ አባባ» አለ ባለመደብሩ።

«ቆይ እስቲ። ቤቱ ሰው የለውም እንዴ?»

«እንዴት አይኖረውም! ይኸው ሁሉም ቆመው እየጠበቁዎት አይደል?»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ አያቸው። ሒሳብ ተቀባዮቹ ቆመዋል። በየመደርደሪያው ያሉት ቆመዋል። ጥበቃው ቆሟል። «መቆሙንስ ቆመዋል፣ ልጄ» አለ። «የተነሳልኝ ግን የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእሱ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል። ገቢውም «በእግዜር፣ አትነሱ» ብሎ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። አንተም ታውቀዋለህ፣ እናትህ ቤት ያደግክበት ነው። ሽማግሌው ተቆጥቶ አልነበረም የቆመው። የለመደውን ቃል እየጠበቀ ነበር። ባለመደብሩ ፊቱ ቀላ። ሠራተኞቹን «ተነሱ» እንዳይላቸው ቆመዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ብሎ ያዛቸዋል?

ሴቲቱ በዚያ ሰዓት ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጣ ነበር። ሒሳብ ተቀባይዋ አልሳለችም፤ ባለቤቱ ይመጣል ብላ አላሰበችምና ከገባ በኋላ ነው ያየችው። ያን ጊዜ ሴቲቱ ብትነሳ ከመሬት የበቀለች ነው የምትመስለው። ስለዚህ ለስላሳ የሚደረድረው ሰውዬ በእጁ «ዝቅ በይ፣ ዝቅ በይ» አላት። ዝቅ አለች። ተቆጣጣሪው እየሮጠ መጥቶ ከባለቤቱ ጎን ቆሟል። ትንሽ ብትታገስ ያልፋሉ። ማንም አያያትም፣ ሥራዋም ይተርፋል።

ግን በሁለቱ ጆንያዎች መሐል ደፉ ላይ የቆመው ሽማግሌ ታያት። ጋቢውን አጣፍቶ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ አወቀች፤ እሷም በዚያው ወግ ነው ያደገችው። አባቷን የሚያክል ሰው የሚቀበለው አጥቶ በር ላይ ሲቀር ተቀምጣ ማየት አልሆነላትም። ልጆቿ ትዝ አላሏትም ብዬ አልዋሽህም። ትዝ ብለዋታል። እንዲያም ሆኖ በጆንያው ተደግፋ ባበጠው እግሯ ብድግ አለች።

«ኖር! ኖር፣ አባቴ!»

የሽማግሌው ፊት በራ። «በእግዜር! በእግዜር፣ ልጄ! ተቀመጪ፣ እኔ ልሙት!» ብሎ ደፉን ተሻግሮ ገባ።

ተቆጣጣሪው ወደ ጆንያዎቹ ጀርባ ዞሮ ሳጥኑን አየ። እሱንም ክፉ አልልህም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። «ጌታዬ፣ ስፈልጋት የነበረችው ይህቺ ናት» አለ። «ተቀምጣ ነበር። ዛሬውኑ ትሰናበታለች።»

ሽማግሌው አልገባውም። «ምን አጥፍታ?» አለ።

«ተቀምጣ ነበር እኮ፣ አባባ። ተቀምጦ መሥራት በመደብራችን ክልክል ነው።»

«ኧረ ወዲያ! ባትቀመጥማ ከምን ላይ ትነሳልኝ ነበር?»

ሴቲቱ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለችው ባለመደብሩን። «ሁለተኛ አይለመደኝም። ቆሜ እሠራለሁ። ልጆች አሉኝ።» ባለመደብሩ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ያሳደገውን ሰው በበሩ ላይ ያከበረችለት ሴት ይቅርታ እየጠየቀችው ነው። ይቅርታ የምትጠይቀውም ስላከበረችለት ነው። ያን ዕለት ምን ያህል እንዳፈረ ኋላ ለወዳጆቹ ራሱ ተናግሯል።

ሽማግሌው መንገዱ አድክሞት ነበርና «እስቲ አንድ ወንበር ስጡኝ፣ አረፍ ልበል» አለ። ባለመደብሩ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። ተቆጣጣሪው ወደ ጥበቃው ዞረ። ጥበቃው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ከወለል እስከ ጣሪያ ዕቃ በሞላበት በዚያ መደብር ውስጥ አንድ ወንበር አልነበረም። ባለቤቱ ራሱ አስለቅሞት የለ! እነሱ እርስ በርስ ሲተያዩ ሴቲቱ ጎንበስ አለች። ሳጥኗን ከጆንያዎቹ ጀርባ አወጣች፣ በሽርጧ ጠረገቻት፣ ጆንያውን አስተካክላ ሽማግሌው አጠገብ አስቀመጠችለት። «እዚህ አረፍ ይበሉ፣ አባቴ» አለች።

ሽማግሌው ተቀመጠ። እፎይ አለ። «ልጄ፣ ደህና ሰው አለህ ቤትህ። አመስግናት እንጂ» አለው ባለመደብሩን።

ባለመደብሩ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ለሴቲቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። አባቴን ተቀበልሽልኝ። እኔማ መቀበያ እንኳ አልነበረኝም» አለ። ሴቲቱ አለቀሰች። ሒሳብ ተቀባይዋም አለቀሰች፤ ጥበቃው ዓይኑን የሚያሸው አቧራ ስለገባበት እንደሆነ ተናገረ። በዚያ መደብር ውስጥ ከባለቤቱ አፍ ለሠራተኛ ምስጋና ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ያን ዕለት ነው።

ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሰም። ዙሪያውን የቆሙትን አየና «እናንተስ ምን ትገተራላችሁ? አረፍ በሉ እንጂ!» አለ። ሠራተኞቹ ፈርተው ወደ ባለቤቱ አዩ። ባለቤቱ ሄደና የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ አንዱ የዘይት ካርቶን ላይ፣ ሌላዋ የዱቄት ከረጢት ላይ እያሉ ተቀመጡ። ተቆጣጣሪው መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው፤ የእሱም እግር ከሁሉም ባላነሰ ያመው ነበር አሉ። አንዲት እመቤት ዘንቢላቸውን ይዘው ሲገቡ መላው መደብር ተቀምጦ አገኙ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እየሳቁ ብድግ አሉላቸው። እመቤቲቱ ግራ ገብቷቸው የመጡበትን ዕቃ ረስተው ወጡ ይባላል፤ ይህን እንኳ ተራኪዎች የጨመሩት ሳይሆን አይቀርም።

ሴቲቱ ከሥራዋ አልተሰናበተችም። በሳምንቱ መደገፊያ ያለው ወንበር መጣላት። ለሌሎቹም በየቅርንጫፉ መጣላቸው። ሁሉም ነገር ወዲያው ተስተካከለ ብዬ አልነግርህም። «ሻጮቹ ተዝናንተዋል» ብለው ያጉረመረሙ ደንበኞች ነበሩ። ከተቆጣጣሪዎቹም ወንበር ሲያዩ የሚከፋቸው ነበሩ። ባለመደብሩ ግን ከዚያ በኋላ በየቅርንጫፉ እየዞረ ሠራተኞቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር፦ «ሌላስ ምን ወስጄባችኋለሁ?» መጀመሪያ ፈሩት። ቆይቶ አንዱ የምሳ ሰዓታቸው እንደሚቀነስባቸው ተናገረ። አንዷ ልጇ ሲታመም ፈቃድ መለመን እንዳሳፈራት ነገረችው። ሰማቸው፤ የቻለውን ወዲያው አስተካከለ፣ ያልቻለውንም አልችልም ብሎ ነገራቸው። እያደር እሱ ሲገባ ፊታቸው ይፈታ ጀመር። ብድግ ይሉለታል፣ እሱም እየሮጠ «በእግዜር፣ በእግዜር!» ይላቸዋል። ማንም አላዘዛቸውም።

በል እንግዲህ፣ ወዳንተ ልምጣ። ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ተወው፣ ሌላ ይቀዳልሃል።

አንተም እንደ ባለመደብሩ ነህ። ክፉ አይደለህም፣ ሠራተኞችህንም ልታዋርድ አትፈልግም። እንዲያከብሩህና እንዲያመሰግኑህ ነው የምትፈልገው። የእኔም መልስ ይኸው ነው፦ ምስጋና ማለት ለሰው ብድግ እንደማለት ነው፤ ብድግ የሚለው ደግሞ አረፍ ብሎ የነበረ ሰው ነው። ወንበር ስልህም የሚቀመጡበት እንጨት ብቻ አይምሰልህ። ቅድም ስታወራ ሳታስበው ነግረኸኛል። ነገ የሚገቡበትን ሰዓት ዛሬ ማታ በስልክ ትቀይሩባቸዋላችሁ፤ ልጅ ያላት ሴት በዚያ ሰዓት ልጇን ማን ዘንድ ታኑር? ሁልጊዜ ሲወጡ ቦርሳቸው በደንበኛ ፊት ይፈተሻል። አንዷ ለእናቷ ተዝካር ፈቃድ ብትጠይቅ «ቅዳሜ ገበያ ነው» ተብላ ቀረች አልከኝ። እየሳቅክ ነው የነገርከኝ፣ ክፋት ስላለብህ አይደለም፣ ስለለመድከው ነው። ሰው እናቱን እንኳ ሳያስብ ቆሞ ከዋለ በኋላ ደመወዙ ገባ ተብሎ ፊቱ ይፈታል ብለህ ትጠብቃለህ?

አትከፋ። አንተን ለመውቀስ ብዬ አይደለም፤ ከመጣህበት ጥያቄ የሚበልጥ ነገር ስላለኝ ነው። ለእነዚያ ልጆች ትልቅ ምስጋና አለብኝ። ባለፈው የአንተው ቅርንጫፍ መጥቼ ዱቄት ገዛሁ። የምትሸጠው ልጅ መሸከም እንዳቃተኝ አየች። ምንም ሳልላት ተሸክማ ታክሲው ድረስ አደረሰችልኝ፣ ረዳቱንም «እናቴን ቀስ ብለህ አውርዳት» ብላ አደራ አለችው። እናቴ አለችኝ። ያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ስሟን ጠይቄያታለሁ፣ ብርነሽ ትባላለች። ስትመለስ ተቆጣጣሪው ለምን ቦታሽን ለቀቅሽ ብሎ ሲቆጣት በታክሲው መስኮት አይቻለሁ። ተዝካር የተከለከለችውም እሷው ትሆን እንደሆነ እንጃ፤ አንተ ታውቃለህ።

አሁን አንገትህን ስትደፋ ገባኝ። እሷው ናት ማለት ነው።

እንግዲያው ወደ ቤትህ ሂድ። ነገ ጠዋት ሠራተኞችህ እንዲያመሰግኑህ አትጠብቅ። ብርነሽን ጥራት። ለእናቷ መታሰቢያ የምትሄድበትን ቀን ራሷ ትምረጥ፣ ፈቀድኩልሽ በላት። ከዚያ ስለ እኔም፣ ስለ ራስህም አመስግናት። ስታመሰግናት ግን አደራህን፣ መጀመሪያ ወንበር ስበህ ስጣት፤ ተቀምጣ ትስማህ።